የሁለት ጣት ክፍተት

መኪናው ጠዋት ጠዋት እንደ ጨዋ ልጅ አንዴ ሲጠሩት ይነሳ ነበር። ጣጣው የሚመጣው ከሞቀ በኋላ ነው። አንዱ ለማጅ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቅና ሞተሩ ተንገጫግጮ ይጠፋል፤ ከዚያ ቁልፉን ቢያዞሩት «ጠቅ» ከማለት በቀር መልስ የለም። ደግመው ቢያዞሩት፣ አሁንም «ጠቅ»። አርባ ደቂቃ ጠብቀው ቢሞክሩት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። አስተማሪዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው መንዳት ስታስተምር እልኸኛ መኪና በየዓይነቱ አይታለች። ሲቀዘቅዝ የሚለግም ሞልቷል። ሲሞቅ የሚያኮርፍ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

በማለማመጃ ሜዳው ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ አይታሰብም። አንዱ ከፊት ሲነዳ ሦስት ተረኞች ከኋላ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሕግ ወጣ። አስተማሪዋ በወፍራም ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከመሪው ጎን ለጠፈችው፦ «ሞተር ያጠፋ፣ መኪና ይገፋል።» እሷ መሪው ላይ ተቀምጣ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለች፤ ያጠፋው ሰው ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ብቻውን ካቃተው ሦስቱ ተረኞች ይወርዱና በየሆዳቸው እየረገሙት ያግዙታል።

ከዚህ ሕግ በኋላ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ለማጆቹ ሞተር ማጥፋት ተዉ። ፍሪሲዮን ሲለቁ የተኛ ሕፃን ከጭናቸው ላይ የሚያነሱ ይመስሉ ጀመር፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላሉ፣ እግራቸውን የፀጉር ስንጥቅ ታህል ያነሳሉ። በዚያ ዓመት ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ከቀረቡት ተማሪዎቿ ከአሥሩ ዘጠኙ በመጀመሪያ ሙከራቸው አለፉ። ስሟ ከሜዳው አጥር ውጭ ወጣ። ምስጢሩን የሚጠይቋትን ሁሉ «ትዕግሥት ነው» እያለች ትመልሳለች። አንድ ቀን ይህን ስትናገር መኪናውን እስከዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ የገፋው ዳቦ ጋጋሪ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ረዘም ያለ ሳል ሳለ።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ማንም ባልተጎዳ፣ ከገፊዎቹ ወገብ በቀር። ግን ደብዳቤ መጣ። የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ በማሠልጠኛ መኪኖች ዓመታዊ ምርመራ ላይ አዲስ ነጥብ ጨምሯል፤ መኪናው ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስቱንም ጊዜ በቁልፍ መነሳት አለበት። ያልተነሳ የማሠልጠኛ ፈቃዱን ያጣል። ቀኑ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አስተማሪዋ ያላት መኪና አንድ ነው፤ የምታውቀው ሥራም አንድ ነው።

በማግሥቱ ወደ መኪና ኤሌክትሪሽያኑ ሄደች። ሰዉ «መብረቁ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በፍጥነቱ አይደለም፤ አንዲት አምፖል ለመቀየር ግማሽ ቀን ስለሚፈጅበት ነው። መብረቁ ባትሪውን ለካ፣ ሽቦዎቹን ፋቀ፣ ሞተሪኖውን ፈትቶ ካርቦኑን ቀየረ፣ ጠረጴዛው ላይ አስሮ ሞከረው። እንደ ጉድ ዞረ። መኪናው ላይ መልሶ ካሰረው በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ «እህቴ፣ ሞተሪኖሽ ጤነኛ ነው። ያመመው ጎረቤቱ ነው» አላት። በጣቱም ከሞተሪኖው አጠገብ የሚያልፈውን የጭስ ቱቦ አሳያት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ነገሩን በደንብ ማየት ደስ ይላል፤ መኪና ውስጥ እንደዚህ የሚያምር እንቆቅልሽ ብዙ ስለማይገኝ። ሞተሪኖ ማለት ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሥራው ሁለት ሰከንድ ነው፤ ግን በዚያች ሁለት ሰከንድ ከባትሪው የሚጠጣው ጉልበት የመኪናው መብራት ሁሉ ተደምሮ ከሚጠጣው ይበልጣል። ውስጡ የመዳብ ሽቦ ነው። መዳብ ደግሞ ሲግል ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይሰንፋል። ቁልፉ ሲዞር አንዲት ማግኔት ወፍራሙን መስመር ልታገናኝ ትወረወራለች፤ ሽቦዋ ከጋለ አቅም ያንሳትና ግማሽ መንገድ ሄዳ ትቀራለች። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው፤ ልነሳ ብላ ጉልበቷ የከዳት ማግኔት።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ቱቦውን ምድጃ ላይ ከሚጣድ ነገር ሁሉ በላይ ያግለዋል። በአውራ ጎዳና ላይ የሚሮጥ መኪና ነፋስ ስለሚያገኝ ብዙ አይጎዳም። የማለማመጃ መኪና ግን ቀኑን ሙሉ በነጭ ቀለም በተቀቡ ጎማዎች መካከል እንደ ኤሊ ሲዞር ይውላል። ቱቦው ይግላል፣ ነፋስ የለም፣ ሞተሪኖው ደግሞ ከቱቦው የራቀው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው።

አስተማሪዋ ይህን ሁሉ ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። ምክንያቱ ቴክኒክ አልነበረም። ያንን ቱቦ የሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ በያጅ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ ከፋብሪካ የመጣው ወፍራም የጭስ ብረት ሲሰነጠቅ ምትኩ በገበያ ጠፋ። ወንድሟ «እኔ እያለሁልሽ?» ብሎ ሦስት ሳምንት ሠራ። አራት ቱቦዎች አጋለ፣ አጠፈ፣ እንደ አራት ጣት አሰባስቦ በአንድ አንጓ ላይ አገናኛቸው። ብየዳው የተሰፋ እንጂ የተበየደ አይመስልም። ስልኩ ውስጥ ፎቶው አለ፤ ለደንበኛ ከልጆቹ ፎቶ በፊት የሚያሳየው እሱን ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ኩርፊያውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አንዴ የሠራላት በር ሲጥ ሲጥ እንደሚል ነግራው አራት ወር ደጇን አልረገጠም። ቤታቸው የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነው። በር እንዲያ ካደረገው፣ ቱቦው ምን እንደሚያደርገው መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ወሰነች፤ ስለ ቱቦው አንዲት ቃል ሳትናገር ሞተሪኖውን ታድናለች።

ደብተር ገዛች። ሥርዓት ያለው ሰው የሚጀምረው ከመለካት ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከየት ይምጣ? መላ አገኘች። በጠርሙስ ክዳን ላይ ሦስት ነገር አስቀመጠች፤ የሻማ ፍርፋሪ፣ ቁንጥር ስኳር፣ እና መብረቁ ሽቦ የሚያያይዝበት ስታኞ ቁራጭ። ሻማ ቶሎ ይቀልጣል፤ ስኳር ብዙ ሙቀት ካላገኘ አይቃጠልም፤ ስታኞ ከሁሉም ይዘገያል። ክዳኑን ሞተሪኖው ላይ በሽቦ አሰረች፣ ግማሽ ሰዓት አስተማረች፣ አጥፍታ አሥር ደቂቃ ቆየችና ኮፈኑን ከፈተች። ሻማው የለም። ስኳሩ ቡናማ ሆኗል። ስታኞው እንዳለ ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከስኳር በላይ፣ ከስታኞ በታች» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች። ለአንድ ቀን ውሎ ይህ ቀላል ግኝት አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራ እርጥብ ጨርቅ ነበር። ሞተሪኖው ላይ አልብሳ ልምምድ ስትጀምር እንፋሎቱ በኮፈኑ ጠርዝ ሁሉ ቡልቅ አለ፤ ያን ሰዓት ስትነዳ የነበረችው ልብስ ሰፊ መኪናው የተቃጠለ መስሏት አንድ እግር ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ ሮጠች። መብረቁ ሲሰማ ውሃና ኤሌክትሪክ ስለማይዋደዱበት ምክንያት አንድ ሰዓት የፈጀ ማብራሪያ ሰጠ።

ሁለተኛው የበለጠ የታሰበበት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስለ ጫማው ዕርቅ እንዲሆን ከካውያ መተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ ብርማውን፣ እሳት የማይፈራውን ጨርቅ ቆርጣ ሰጠቻት። አስተማሪዋ ሞተሪኖውን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለችው። በመጀመሪያው ሰዓት ተአምር ሆነ፤ መኪናው ሞቆም ተነሳ። በሁለተኛው ሰዓት እንቢ አለ። ቀድሞ አርባ ደቂቃ ሲያኮርፍ የነበረው አሁን ሰዓት ተኩል አኮረፈ። ደብተሩ ላይ ረጅም ጊዜ አፍጥጣ ቆየችና ገባት፤ ብርድ ልብስ ቅዝቃዜም ሙቀትም አይመርጥም፤ ያገኘውን ይይዛል። ሞተሪኖው የታሰረው ከጋለው ሞተር አካል ጋር ነው፤ ሙቀቱ በኋላ በር ይገባል፣ ጨርቁ ደግሞ አያስወጣውም። ቱቦው ቀዝቅዞ እንኳ ልጁ በጥቅልሉ ውስጥ ይቀቀላል።

ሦስተኛው ቱቦውን ራሱን መጠቅለል ነበር። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀቱን ቱቦው ውስጥ እንዳለ የሚያስኬድ የመስታወት ክር ፋሻ አለ። ግን ቱቦውን ሳይነኩ መጠቅለል አይቻልም። እሑድ ቀን ወንድሟ ቤት ምሳ ስትበላ፣ የአንዲት ጓደኛዋ መኪና ብላ ነገሩን በዘዴ አነሳችው።

«ፋሻ የሚታሰረው ቁስል ነው፣ እታለም» አላት ቀና ሳይል። «ለመሆኑ የጓደኛሽን ቱቦ የሠራው ማነው?»

ጨምሮም ፋሻው እርጥበት እየያዘ ብረቱን ከውጭ እንደሚያዝገው፣ ጥሩ ብየዳ መሸፈን የፈጠረውን ሰው መስደብ እንደሆነ አስረዳት። የመጀመሪያው ክርክሩ እውነት ነበር። ስለ ሁለተኛው አልተከራከረችም።

ምርመራው አንድ ሳምንት ሲቀረው የቀራት ምርጫ መናገር ብቻ ሆነ። ደብተሩን በብብቷ ይዛ ወደ ወንድሟ የሥራ ቦታ ሄደች። ምን ብላ እንደምትጀምር መንገድ ሙሉ አጠናች። ስትደርስ ብረት ማጋያ ምድጃው እየነደደ ነው፤ ወንድሟ ለመስኮት የሚሆን ብረት እያጠፈ ነው። ከመጀመሯ በፊት ውሃ ጠየቀችው። በአገጩ ቢጫውን ጀሪካን አሳያት።

ጀሪካኑ ከምድጃው አንድ እርምጃ አይርቅም። ቀድታ ጠጣች። ቀዝቃዛ ባይባልም ደህና ውሃ ነበር። የቀዳችበትን ጣሳ አስቀምጣ ልትጀምር አፏን ከከፈተች በኋላ ግን ዓይኗ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ስትሆን ያላለቀ ጥያቄ ትቶ ማለፍ አይቻልም።

«ይሄ ፕላስቲክ እዚህ ተቀምጦ እንዴት አይቀልጥም?»

«ድሮ ይቀልጥ ነበር፤ ምድጃው ሁለት ጀሪካን በልቶብኛል። ያንን ቆርቆሮ ካቆምኩለት ወዲህ ነው ሰላም ያገኘው።»

በምድጃውና በጀሪካኑ መካከል በሁለት ድንጋይ የተደገፈ ቆርቆሮ ቆሟል። እጇን ከእሳቱ በኩል ብታስጠጋ ያቃጥላል። ከጀርባው በኩል ብታስገባ፣ በቆርቆሮውና በጀሪካኑ መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ፣ አየሩ ከሥር እየገባ በላይ ሲወጣ ጣቷ ላይ ይሰማታል። ጎንበስ አለች። ቆርቆሮው በአንድ ጎኑ ጎበጥ ያለ ነው። ሁለት የቡሎን ቀዳዳ አለው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅባት ደርቆበታል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።»

ያኔ ሁሉም መጣላት። የተሰነጠቀው ብረት የተፈታ ቀን ይህች ቆርቆሮ ከሞተሪኖው ፊት ታስራ ነበር። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ትንጫጫ ነበር፤ ለማጆቹ ማርሽ ሲያንቋቁ በትክክል እንዳትሰማ ታደርጋት ነበር። ወንድሟ «ሥራ ይኖራት ይሆናል እኮ» ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ በሙሉ ልቧ «ሥራዋ መንጫጫት ነው፤ ውሰድልኝ» ብላው ነበር። ቆርቆሮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ምንም ቅሬታ የተሠራችበትን ሥራ ስትሠራ ኖራለች፤ ለጀሪካን።

አጥንታ የመጣችው ንግግር ሁሉ በነነ። ደብተሩን ሰጠችው። «ወር ሙሉ ያንተን ቱቦ ስረግም ነበር» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንድሟ የዓይን መከላከያውን አውልቆ፣ የሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበ። ስለ ሻማው፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ካውያው ጨርቅ። ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ።

«መብረቁ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«ጨርቁን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

«ዳቦ ጋጋሪውም?»

«እሱማ ገፍቶታል።»

«ስለዚህ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ከቱቦው ይልቅ ይህ አመመው። ኩርፊያው ግን እንደ በሩ ጊዜ አራት ወር አልቆየም፤ ቆርቆሮዋን አንስቶ ከእህቱ ፊት ካገላበጣት በኋላ አንድ ጊዜ «ሥራዋ መንጫጫት ነው» ብሎ ሊቆጣ ሲሞክር ሳቁ አሸነፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን ቃል በየአጋጣሚው እየደገመ ዕዳውን አስከፈላት።

አሮጌዋ ቆርቆሮ ለአዲሱ ቱቦ ቅርጽ ስላልሆነች አዲስ መሥራት ነበረበት። ብልጭልጭ ካለ ላሜራ ቆረጠ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሙቀትን እንደ መስታወት ይመልሳልና። መጀመሪያ ያሰረው በራሱ ቱቦ ላይ ነበር፤ የሥራው አካል እንድትመስልለት ፈልጎ። አስተማሪዋ የጠርሙሱን ክዳን አስቀምጣ ነዳች። ስኳሩ ቡናማ ሆነ። ወንድሟ ስኳሩን ተጠራጠረ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ ፍሪሲዮን ለማያውቅ ሰው ፍሪሲዮን እንደምታስረዳ ሆና፣ የጀሪካኑ ቆርቆሮ ምድጃውን ነክቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አይነካም። ቱቦው ላይ የታሰረ ላሜራ ቱቦውን ሆኖ ይግላል፤ ከዚያ ወዲያ ጋሻ ሳይሆን ሁለተኛ ምድጃ ነው።

ፈታው። በአጫጭር የብረት ቀለበቶች አርቆ ከሞተሩ አካል ጋር አሰረው፤ ከቱቦው አንድ ጣት፣ ከሞተሪኖው አንድ ጣት፣ ከላይና ከታች ክፍት። ያቺ ሁለት ጣት ክፍተት ለሁለት ተከፈለች። ከግማሽ ሰዓት ልምምድና ከአሥር ደቂቃ ጥበቃ በኋላ ኮፈኑ ሲከፈት ሻማው ቀልጧል፤ ስኳሩ ግን እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። አስተማሪዋ ከደስታዋ ብዛት ስኳሩን ቀመሰችው። የሞተር ዘይት ይላል። ይህንንም ጻፈች።

በምርመራው ቀን ዳቦ ጋጋሪው እጅጌውን ሰብስቦ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ማንም አልጠራውም፣ ለማንኛውም ብሎ ነው። መርማሪው መኪናውን ግማሽ ሰዓት ነዳ፣ አጠፋ፣ ሰዓቱን እያየ ቆየ፣ ቁልፉን አዞረ። ተነሳ። ሁለተኛም ተነሳ። ሦስተኛውን ሲያዞር ወንድሟ ከሜዳው በር ኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተነሳ። መርማሪው ወረቀቱ ላይ ፈረመና በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ከመሪው ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ አሁን ምን እንደሚያደርግ ጠየቃት። እዚያው ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ለሁሉም በበጀ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ለማጆቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሞተሩ ቢጠፋ ቁልፍ አለ። በሁለተኛው ወር ፍሪሲዮኑን እንደ ጋለ ድንጋይ ይለቁት ጀመር። በሃያ ደቂቃ ተራ ውስጥ ስምንት ጊዜ አጥፍቶ ስምንት ጊዜ እየሳቀ የሚያስነሳ ሰው ታየ። በሦስተኛው ወር ፈተና ከአሥሩ አምስቱ ብቻ አለፉ። ዳቦ ጋጋሪው ከወደቁት መካከል ነበር፤ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ። ሲመለስ ያለ ምንም ሐፍረት ነገራት።

«እትዬ፣ እንደሚነሳ እያወቅሁ ምን ያስፈራኛል? ስገፋ ነው ነጂ የነበርኩት።»

ለሃያ ሁለት ዓመት ማንም እንዲህ ሥራዋን ገልጾላት አያውቅም። «ትዕግሥት ነው» ስትል የኖረችው ነገር ሞተሪኖ ነበር።

አሁን ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ተከፍቷል። ርዕሱ «ሲሞቅ እንዳይነሳ» ይላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በእሷ በር በኩል የምትደበቅ አንዲት ትንሽ መጫኛ ቁልፍ፤ እሷ ስትጫናት ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይቋረጣል፣ ስትለቃት ይገናኛል። ለምርመራ ቀን አትጫናትም። መብረቁ፣ ወር ሙሉ እንዲነሳ ስትማስን ኖራ አሁን እንዳይነሳ እንዲያደርግላት መጠየቋን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ፣ ሽቦውን በሦስት ቀን ቀጠለላት።

መኪናው በትእዛዝ ማኮረፍ ቻለ። ግን ዝም ብሎ ነው የሚያኮርፈው፤ «ጠቅ» አይልም። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ነቃች፤ እትዬ የሆነ ነገር ነክተዋል ብላ በሩን ታስስ ጀመር። ያለ «ጠቅ» ማንም አይገፋም። ስለዚህ ወንድሟ ገባበት። የተጣለች ማግኔት አግኝቶ፣ ከቀጭን ላሜራ ምላስ ሠርቶላት፣ ዳሽቦርዱ ሥር ክብሪት በምታክል ሳጥን ውስጥ አሰራት። የመጀመሪያው ድምፅ በር የሚንኳኳ ይመስል ነበር። ሁለተኛው የተሻለ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ ራሱን ነቀነቀ። ይቺ የድሮዋ «ጠቅ» አይደለችም አለ፤ ያቺ ድካም ነበረባት።

አስተማሪዋ አሁን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሜዳው ጭር ሲል፣ ከወንድሟ ጋር መኪናው ወለል ላይ ጎን ለጎን ተኝተው በላሜራውና በማግኔቷ መካከል ወረቀት ያስገባሉ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ተኩል። ዳቦ ጋጋሪው ውጭ ቆሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል። ትናንት በሦስት ወረቀት «ቀርባለች» ብሏል።